የከበሮ መርገጫ ታሪክና ዳግመኛ ተማሪ የሆኑ ባለሙያዎች

የማርሽ ሙዚቃ ጓድ በአደባባይ ሲያልፍ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ትልቁን ከበሮ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመታው አንድ ሰው፣ ትንሹን ከበሮ በሁለት ቀጫጭን በትሮች የሚያንኳኳው ሌላ ሰው፣ የናስ ሳህኖችን እያጋጨ የሚያስጮኸውም ሦስተኛ ሰው መሆኑን ያስተውላል። ይኸው ተመልካች ማታ ሙዚቃ ወዳለበት አዳራሽ ቢገባ ግን የእነዚህን የሦስቱን ሥራ አንድ ከበሮ መቺ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብቻውን ሲያከናውነው ያገኛል። ይህ እንዴት ተቻለ ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን የሚያገኘው ዐይኑን ወደ ወለሉ ዝቅ ሲያደርግ ነው። በዚያ ከከበሮ መቺው ቀኝ እግር በታች አንዲት የብረት መርገጫ አለች። ሙዚቀኞች ፔዳል ይሏታል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው የዚህችን መርገጫ ታሪክ ነው። ታሪኳን ስንመረምር ግን ከብረቱና ከሞላው ይልቅ የሰዎቹ ነገር ገንኖ ታየን። ይኸውም፣ ከታላላቆቹ የአረጋገጥ ለውጦች ብዙዎቹ የመጡት ከጀማሪ ሳይሆን፣ ሙያውን ጠንቅቆ ካወቀና በሙያውም ከተመሰገነ በኋላ፣ ያወቀውን ወደ ጎን አድርጎ እንደ ገና ለመማር ከተገደደ ወይም ከፈቀደ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ ለእኛ ከመጻሕፍት የተገኘ ወሬ ብቻ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ከሙዚቃ ክበቡ ከበሮ ጋር ከተዋወቅን ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኖናል። ቀኑን በጽሕፈት ቤት እንውላለን፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጓደኞቻችን ጋር በየሠርጉ እንጫወታለን። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን ጨዋታችንን በስልኩ ቀድቶ ቢያሰማን፣ የትልቁ ከበሮ ድምፅ እንደ ታፈነ፣ ችክችካውም በፈጠነ ቁጥር እግራችን ወደ ኋላ እንደሚቀር በገዛ ጆሯችን ሰማን። ምክንያቱን ስናጣራ፣ ለካ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መምቻውን ከቆዳው ላይ ተጭነን እናስቀረው ኖሯል። ይህን ስሕተት ለማረም የጀመርነው ድካም ነው ወደ ታሪኩ የመራን።

እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ከተሞች ቲያትር ቤቶችና የጭፈራ አዳራሾች በዝተው ነበር። በእነዚህ ቤቶች ለሙዚቀኞች የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ስለ ነበር፣ ደመወዝም የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ስለ ነበር፣ ሁለትና ሦስት ከበሮ መቺ ማሰለፍ የማያዋጣ ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው ትልቁን ከበሮ ከጎኑ፣ ትንሹን ከፊቱ አድርጎ፣ በያዘው በትር ትልቁን አንድ ጊዜ መትቶ ወዲያው እጁን ወደ ትንሹ መመለስ ነበረበት። ይህ ዘዴ «ድርብ አመታት» ይባል ነበር። እጅግ ፈጣን እጅ የሚጠይቅ ሙያ ስለ ሆነ፣ ያወቀበት ሰው ሥራ አያጣም ነበር።

ነገር ግን ሁለት እጅ የሚሠራው ሥራ ወሰን አለው። ስለዚህ አንዳንድ ብልሆች ሥራ ፈትቶ ወለሉን ብቻ የሚረግጠውን እግር ማሰብ ጀመሩ። በኒው ኦርሊንስ ከተማ በጆን ሮቢሾ ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት የነበረው ኤድዋርድ ቻንድለር፣ በ1890ዎቹ ዓመታት በቤት ውስጥ የተሠራ የእንጨት መርገጫ ይጠቀም እንደ ነበረ ይታወቃል። ሌሎችም በየቦታው ልዩ ልዩ ዓይነት ሞክረዋል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ መምቻቸው ከከበሮው አናት ላይ ወደ ታች የተንጠለጠለ ስለ ነበር፣ መምቻው ሄዶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስድ ነበር። ለዝግተኛ ማርሽ ይበቃሉ፤ ለፈጣን ዘፈን ግን አይደርሱም።

በዚህ ጊዜ ነው ዊልያም ሉድቪግ የሚነሣው። ሉድቪግ በጀርመን አገር ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በቺካጎ ያደገ የቲያትር ቤት ከበሮ መቺ ነበር። ያን ጊዜ ራግታይም የሚባለው ፈጣን ሙዚቃ በየመድረኩ ተስፋፍቶ ስለ ነበር፣ በእጁ የነበረው መርገጫ ከሙዚቃው ጋር አልሄድ አለው። እርሱም መጀመሪያ በእንጨት፣ ቀጥሎም መሐንዲስ በሆነው በጋብቻ ዘመዱ በሮበርት ዳንሊ እርዳታ በብረት አዲስ መርገጫ ሠራ። በ1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመትም ከወንድሙ ከቴዎባልድ ጋር በቺካጎ የከበሮ መሣሪያ ሥራ ከፈተ። ስማቸውን የያዘው ድርጅት በኋላ ከዓለም ታላላቅ የከበሮ ፋብሪካዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

የዚህ መርገጫ አሠራር በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። እግር የሚያርፍበት ሰሌዳ ተረከዙ በኩል ከወለሉ ጋር በማጠፊያ ተያይዟል። የፊተኛው ጫፉ በጠፍር ወይም በሰንሰለት ከአንድ አግዳሚ ዘንግ ጋር ይገናኛል። እግር ሲጫን ጠፍሩ ዘንጉን ያዞረዋል፤ በዘንጉ ላይ የተተከለው መምቻም ወደ ፊት ተወርውሮ ቆዳውን ይመታል። እግር ሲላላ ደግሞ በጎን በኩል ያለው ሞላ መምቻውን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። አንባቢ ይህን እንዲያስተውልልን እንለምናለን፤ መላኩ የእግር ሥራ ነው፣ መመለሱ ግን የሞላውና የቆዳው ሥራ ነው። የኋለኞቹ ዘመናት የአረጋገጥ ጥበብ ብዙው ክፍል በዚህች ነጥብ ላይ የተመሠረተ ነው።

መርገጫዋ ከተስፋፋች በኋላ እጅ ከትልቁ ከበሮ ነፃ ወጣ። በ1930ዎቹ የጃዝ ኦርኬስትራዎች ለጭፈራ ሲጫወቱ፣ ከበሮ መቺው ተረከዙን በሰሌዳው ላይ እንዳሳረፈ በቁርጭምጭሚቱ ብቻ እየረገጠ በየመስፈሪያው አራት አራት ጊዜ ይመታ ነበር። ጨፋሪዎች እግራቸውን የሚያነሡትና የሚጥሉት ይህን ምት ተከትለው ነው። በቤኒ ጉድማን ኦርኬስትራ ውስጥ ስሙ የገነነውና በጥር ወር 1938 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ በተደረገው ታላቅ ዝግጅት ላይ የተጫወተው ጂን ክሩፓ፣ ለዚህ አመታት ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያን ዘመን የከበሮ መቺ መልካምነት የሚለካው አራቱን ምት ሳያጎድል ሌሊቱን ሙሉ በመዝለቁ ነበር።

ይህን ልማድ ያናወጠው ኬኒ ክላርክ ነው። ክላርክ በ1914 በፒትስበርግ የተወለደ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ በቴዲ ሂል ኦርኬስትራ ውስጥ የተቀጠረ የታወቀ ከበሮ መቺ ነበር። በኋላ ራሱ እንዳስረዳው፣ አንዳንዱ ዘፈን እጅግ ሲፈጥን አራቱን ምት በእግር መከተል አድካሚ ሆነበት። ስለዚህ የሙዚቃውን ጊዜ የመጠበቁን ሥራ ከእግሩ አንሥቶ በቀኝ እጁ ለሚመታው ሲምባል አስረከበ። እግሩንም አልፎ አልፎ፣ ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ የተጫዋቾቹን ዜማ ለማጠንከር ብቻ ይጥለው ጀመር። የጦርነቱ ዘመን ስለ ነበር፣ ሙዚቀኞች እነዚህን ድንገተኛ ምቶች «ቦምብ» አሏቸው።

አዲሱ ነገር ወዲያው አልተወደደም። አራቱን ምት በለመደ ጆሮ ይህ ሥርዓት የማፍረስ ያህል ስለ ተቆጠረ፣ ክላርክ ከኦርኬስትራው ተሰናበተ። የሚያስደንቀው ግን ጥቂት ቆይቶ ያው ቴዲ ሂል በሐርለም የሚገኘው የሚንተን ቤት ሥራ አስኪያጅ ሲሆን፣ ያባረረውን ክላርክን መልሶ መጥራቱ ነው። ክላርክም በዚያ ቤት ከቴሎኒየስ ሞንክና ከዲዚ ጊሌስፒ ጋር ሆኖ፣ በኋላ ቢባፕ የተባለው አዲስ ጃዝ እንዲወለድ ረዳ። አራቱን ምት የለመዱ ሌሎች ከበሮ መቺዎች ደግሞ ቀኝ እጅ አንድ ነገር ሲል ቀኝ እግር ሌላ ነገር እንዲል እንደ ሕፃን መማር ግድ ሆነባቸው። በ1948 ጂም ቻፒን ያሳተመው የልምምድ መጽሐፍ ስመ ጥር የሆነውም፣ አራቱ እጅና እግር እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው እንዲሠሩ የሚያስተምር በመሆኑ ነው። አራቱ ምትም ቢሆን ፈጽሞ አልጠፋም። ብዙዎች ከመሰማት ይልቅ የሚታወቅ እስኪሆን ድረስ በቀስታ እየነኩ ከሥር ያኖሩት ነበር።

እግር እንዲህ አንደበት ካገኘ በኋላ አንድ እግር ብቻ አልበቃ አለ። ሉዊ ቤልሰን የተባለው በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ያደገ ወጣት በ1938 ገና ተማሪ ሳለ፣ ሁለት ትልልቅ ከበሮዎችን ጎን ለጎን ያቆመ የከበሮ ስብስብ በሥዕል ነደፈ። በ1951 የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ አባል ሲሆንም ሁለቱን በሁለት እግሩ እየረገጠ ለሕዝብ አሳየ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሁለት መምቻዎችን በአንድ ከበሮ ላይ የሚያሳርፈው ድርብ ፔዳል በገበያ እየተስፋፋ ስለ ሄደ፣ ሁለት ከበሮ ተሸክሞ መዞር የግድ መሆኑ ቀረ።

በ1960ዎቹ የሮክ ሙዚቃ ሲመጣ የኤሌክትሪክ ጊታሮች በታላላቅ ድምፅ ማጉያዎች ይጮኹ ስለ ነበር፣ በቁርጭምጭሚት ብቻ የተረገጠ ከበሮ በመካከላቸው አይሰማም ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ተረከዛቸውን ከሰሌዳው አንሥተው በጣታቸው መዳፍ ቆሙ፤ የጭናቸውንም ክብደት ጨምረው መርገጥ ጀመሩ። የሌድ ዘፐሊኑ ጆን ቦናም በ1969 በወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው ላይ በአንድ መርገጫ ያስገኘውን ፈጣን ምት የሰሙ ከበሮ መቺዎች፣ ሁለት መርገጫ የተጠቀመ መስሏቸው ነበር። እንግዲህ ከመሣሪያው ይልቅ የአረጋገጡ ዘዴ እንዴት እንደሚበልጥ በዚህ ይታያል።

እስካሁን የጠቀስናቸው ሰዎች ለውጡን ያመጡት የሙዚቃው ፍጥነት ወይም ጩኸት ስለ ገፋቸው ነው። አሁን ደግሞ መከራ የገፋውን አንድ ሰው እናንሣ። ሪክ አለን በ1963 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ፣ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ዴፍ ሌፐርድ ከሚባለው የሼፊልድ የሙዚቃ ጓድ ጋር ተቀላቀለ። ጓዱ በዓለም ታውቆ ሳለ በታኅሣሥ 31 ቀን 1984 በደረሰበት የመኪና አደጋ ግራ እጁን አጣ። ዕድሜው ሃያ አንድ ነበር። አንድ እጅ የሌለው ከበሮ መቺ ሥራው አከተመ ብሎ የማያስብ ሰው አይገኝም ነበር።

አለን ግን ገና በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ በእግሩ ምት መምታት ጀመረ፤ ግራ እጁ ይመታው የነበረውንም ሁሉ እግሩ እንደሚያስታውሰው አወቀ። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ከበሮ ተሠራለት። በግራ እግሩ በኩል የተደረደሩት መርገጫዎች እያንዳንዳቸው ቀድሞ በግራ እጅ ይመቱ የነበሩትን የከበሮ ድምፆች የሚሰጡ ነበሩ። በዚህ ላይ ማስተዋል የሚያሻው፣ ግራ እግር ቀድሞ የሚያውቀው ሥራ ሁለቱን ሲምባሎች መክፈትና መግጠም ብቻ መሆኑ ነው። አሁን ግን ከቀኝ እጅ ጋር እየተፈራረቀ የአንድ ሙሉ እጅ ሥራ እንዲሠራ ተጠየቀ። ለልምምድም ወራት አለፉ። በነሐሴ 1986 ጓዱ በአየርላንድ ሲዘዋወር፣ ጄፍ ሪች የተባለ ሌላ ከበሮ መቺ ለእርዳታ አብሮት ይጫወት ነበር። አንድ ማታ ረዳቱ በመዘግየቱ አለን ብቻውን ቢጀምር፣ ብቻውን መዝለቅ እንደሚችል ጓደኞቹ አዩ። በዚያው ወር በ16ኛው ቀን በካስል ዶኒንግተን በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ያለ ረዳት ተጫወተ። በ1987 የወጣው ሂስቲሪያ የተባለው አልበማቸውም እጅግ ብዙ ተሽጧል።

አለን ሌላ ምርጫ አልነበረውም የሚል ቢኖር እውነት አለው። ስለዚህ ማንም ሳያስገድደው ዳግመኛ ተማሪ የሆነውን ሰው እናቀርባለን። ኒል ፒርት በ1952 በካናዳ ሃሚልተን የተወለደ፣ ከ1974 ጀምሮ ራሽ በሚባለው የሦስት ሰዎች ጓድ ውስጥ የተጫወተ ነው። በዓለም ያሉ ወጣት ከበሮ መቺዎች አመታቱን ምት በምት እየሸመደዱ ያጠኑት ነበር። በ1994 ለሟቹ ከበሮ መቺ ለቡዲ ሪች መታሰቢያ የሚሆን ሥራ በኒው ዮርክ ሲያዘጋጅ፣ ከተጋበዙት መካከል ቀድሞ የሚያውቀውን ስቲቭ ስሚዝን አገኘ። ስሚዝም ጆርኒ በተባለው የሮክ ጓድ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ፒርት አሁን ሲሰማው ግን አመታቱ ከቀድሞው ይልቅ የላላና ሕይወት ያለው ሆኖ አገኘው። ምን አግኝተህ ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ስሚዝ የአንድ ሽማግሌ መምህር ስም ነገረው። ስሙም ፍሬዲ ግሩበር ነበር።

ፒርት ያን ጊዜ ዕድሜው አርባን አልፏል፤ በጓዱም ሃያ ዓመት አስቆጥሯል። የሚያደንቁት ሰዎች እንጂ እንዲለወጥ የሚጠይቁት አልነበሩም። እርሱ ግን ወደ ግሩበር ሄዶ ትምህርት ጀመረ። የመምህሩ ትምህርት በአጭሩ ሲገለጽ፣ ዋናው ነገር ምቱ ብቻ ሳይሆን በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ያለው እንቅስቃሴ ነው የሚል ነበር። በትሩ ከመታ በኋላ ነጥሮ ይመለሳል፤ ተጫዋቹ ይህን መመለስ ማገድ ሳይሆን መከተል አለበት። ፒርት ይህን ለመማር የበትር አያያዙን፣ አቀማመጡን፣ የከበሮዎቹንም አደራደር ለወጠ። ወራት ሙሉ በየቀኑ ብቻውን እየተለማመደ ከቆየ በኋላ፣ በ1996 ከጓዱ ጋር ቴስት ፎር ኤኮ የተባለውን አልበም አወጣ። ስለ ትምህርቱ ላዘጋጀው ፊልም የሰጠው ርእስም «ገና ያላለቀ ሥራ» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶም ዳግመኛ መምህር ፈለገ፤ ይህ ሁለተኛው መምህር ፒተር ኤርስኪን በዕድሜ ከእርሱ ያንስ ነበር። ፒርት በ2020 ሲሞት ስሙ ከታላላቆቹ ጋር ይጠራ ነበር፤ ለእኛ ግን ከዝናው ይልቅ ይህ ሁለት ጊዜ ተማሪ የመሆኑ ነገር ይበልጥብናል።

ይህ የመንጠርና የመመለስ ትምህርት ለእጅ ብቻ የሚነገር አይደለም። መርገጫም የራሱ ሞላ ስላለው፣ ለእግር ያው ሕግ ይሠራል። ስሚዝ በ2002 ባወጣው የትምህርት ፊልም የእግርንም አመታት ጨምሮ አስረድቷል። አንባቢዎቻችን እንዲገባቸው የታወቁትን የአረጋገጥ ዘዴዎች ባጭሩ እናስረዳ። አንደኛው ተረከዝን አሳርፎ በቁርጭምጭሚት መርገጥ ነው፤ ለስለስ ላለ ምት ይመቻል፣ የቅልጥምን ጡንቻ ግን ያደክማል። ሁለተኛው ተረከዝን አንሥቶ በጭን ክብደት መርገጥ ነው፤ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ነገር ግን ክብደቱ መምቻውን በቆዳው ላይ ተጭኖ እንዲያስቀር ይፈትናል። ሦስተኛው በአንድ የእግር እንቅስቃሴ ሁለት ምት ማግኘት ነው። ለዚህም አንዳንዱ መጀመሪያ በተረከዙ፣ ወዲያው በጣቱ ይረግጣል፤ አንዳንዱም እግሩን በሰሌዳው ላይ ወደ ፊት ያንሸራትታል። በሦስቱም ዘዴዎች መምቻው ቆዳውን ነክቶ ወዲያው ሲለቅ ቆዳው ስለሚርገበገብ ድምፁ ክፍት ይሆናል፤ ተጭኖ ሲቀር ግን ድምፁ ይታፈናል። አንዳንዱ የታፈነውን ድምፅ አውቆ ይመርጠዋል፤ ይህም ነውር የለበትም። ነውሩ የእኛ ዓይነቱ ነው፤ ሌላ መንገድ መኖሩን ሳያውቁ በአንዱ ብቻ መኖር።

ስሕተታችንን ካወቅን በኋላ ወደ አንድ አስተማሪ ሄድን። አስተማሪያችን ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። እኛን «ጋሼ» እያለ ይጠራናል። ታናሽ ወንድም ሊሆነን በሚችል ልጅ ፊት ተቀምጠን፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሠራንበት እግራችን ሲነቀፍ መስማት በመጀመሪያው ቀን እንደ ከበደን አንሸሽግም። እርሱ ግን ትሕትናውን ሳይተው፣ «ጋሼ፣ እግርዎን ይልቀቁት እንጂ አይጫኑት፤ ሞላው የራሱን ሥራ ይሥራ» አለን። ከዚያም የምት መለኪያውን በደቂቃ ስልሳ ላይ አድርጎ፣ እያንዳንዱ ምት ከተሰማ በኋላ መምቻው ወደ ኋላ ተመልሶ መቆሙን በዐይናችን ሳናይ ሌላውን እንዳንረግጥ አዘዘን። በየማለዳው ወደ ጽሕፈት ቤት ከመሄዳችን በፊት ሃያ ሃያ ደቂቃ ይህን እንሠራ ጀመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት እንዲህ ቃል በቃል የደረሰብን በዚህ ጊዜ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ አዲሱን አረጋገጥ በአንድ ሠርግ ላይ ለመሞከር ደፈርን። ሙዚቃው ጥቂት ሲፈጥን አሮጌው እግር አልሠራም አለ፤ አዲሱም ገና አልደረሰም ነበር። ምቱ ተሰነካከለ፤ ዘፋኙም ዞር ብሎ አየን። ያን ዕለት ማታ ሁሉንም ነገር ለመተው አስበን ነበር። ጀማሪ ሲሳሳት ሁሉ ይታገሠዋል፤ ልምድ ያለው ሰው ሲሳሳት ግን ያረጀ ወይም የሰከረ ይመስላል። ጀማሪ የሚዘራው በባዶ መሬት ላይ ነው፤ ልምድ ያለው ግን አስቀድሞ የቆየውን ሥር መንቀል አለበት። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የተባለውም ይህን ለመሰለው ነው።

ወጣቱ መምህራችን ግን ይህን ሲሰማ አልተደነቀም። ለጊዜው በሠርግ ላይ በአሮጌው እግር እንድንጫወት፣ አዲሱን በቤት ብቻ እንድንለማመድ መከረን። ለአንድ ሥራ ሁለት እግር ይዘን አምስት ወር ያህል ቆየን። በስድስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ሳናስበውና ሳናዘው፣ መምቻው ነክቶ ሲለቅ ከበሮው ሲከፈት ሰማን። ደስታችንን ለማንም አልተናገርንም፤ የሚያስተውለውም አልነበረም። ዛሬም ቢሆን ችክችካው እጅግ ሲፈጥን አሮጌው ልማድ ተመልሶ ይጫነናል። ሥራው ገና አላለቀም።

አንባቢዎቻችን አብዛኞቹ በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት የሚያገለግሉ ናቸው፤ ከበሮ ላይመቱ ይችላሉ። ነገር ግን እያንዳንዳችን ለዓመታት ሳንመረምረው የምንረግጠው አንድ መርገጫ አለን። መምህሩ ያው ትምህርት በያው ቃል ሲደጋግም፣ ጸሐፊው ያው ደብዳቤ በያው መልክ ሲያረቅ፣ ሹሙ ጉዳዩን ሳይሰማ በለመደው መንገድ ሲወስን፣ ሥራው አልቆመምና ጉድለቱ አይታወቅም። እኛን ከዐሥራ ስምንት ዓመት እንቅልፍ የቀሰቀሰን አንድ ጓደኛ በስልኩ የቀዳው ድምፅ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግን የአለቃን ሥራ ቀድቶ መልሶ ለአለቃው የሚያሰማ አይገኝም፤ ቢገኝም ይፈራል። ስለዚህ ሰሚ የመፈለጉ ዕዳ የባለሙያው የራሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ከታናሽ መማር ነው። በእኛ አገር ዕድሜና ማዕርግ የሚከበሩ መሆናቸው መልካም ነገር ነው፤ ማንም እንዲቀር አይመኝም። ነገር ግን ክብሩ ጆሮን የሚዘጋ ከሆነ፣ የሚጎዳው ተከባሪው ራሱ ነው። ኒል ፒርት በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ወደ መምህር ሲሄድ ከክብሩ የጎደለበት ነገር የለም። ያ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣትም ዛሬም «ጋሼ» ነው የሚለን፤ እኛም በበኩላችን በትምህርቱ ሰዓት «መምህር» ብለን እንጠራዋለን። ሁለቱ ስሞች በአንድ ክፍል ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ። ነገ ማለዳም እንደ ወትሮው ሃያ ደቂቃ እንለማመዳለን፤ ከዚያም ወደ ጽሕፈት ቤታችን እንሄዳለን።